ከማን ኋላ ነህ?

እትዬ ቋሚ በሕይወታቸው ከተኙት ይልቅ የቆሙት ይበልጣል። ሌላው ሕፃን ሲወለድ ያለቅሳል፤ እሳቸው ግን ገና ብቅ እንዳሉ «የመጨረሻው ማነው?» ብለው ጠየቁ ይባላል። አዋላጇ ምስክር ነበረች። አሁን በሕይወት ስለሌለች ማንም ሊያስተባብላት አይችልም።

ሥራቸው ተራ መያዝ ነው። ሱቁን ጥሎ መሄድ የማይችል ነጋዴ፣ ጉልበቱን የሚያመው ሽማግሌ፣ ሕፃን የታቀፈች እናት፣ ሁሉም ጉዳያቸውን ለእትዬ ቋሚ ይነግራሉ። እሳቸው ጎህ ሲቀድ ማዘጋጃ ቤቱ ደጃፍ ሄደው ይቆማሉ። ተራው ሲቃረብ ባለጉዳዩን ያስጠራሉ፤ እሱ ይገባል፣ እሳቸው ወደ ሌላ ሰልፍ ይዞራሉ። ስሙን ያወጣላቸው የማዘጋጃ ቤቱ ዘበኛ ነው። «በዚህ ግቢ ከከንቲባው ጀምሮ ሁላችንም ጊዜያዊ ነን፤ ቋሚዋ እሳቸው ብቻ ናቸው» ብሎ ቀለደ፣ ቀልዱ ስም ሆኖ ቀረ። የእናት አባት ስማቸውን ራሳቸውም ለማስታወስ ትንሽ ማሰብ ይኖርባቸዋል።

የሥራ መሣሪያቸው አንድ ጥቁር ጃንጥላና አንድ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ጠፍጣፋ፣ አንድ ጥጉ የተሸረፈ ሲሆን ከቤታቸው በር የተረፈ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል። እግራቸው ሲዝል ወይም ሽንት ቤት ሲሄዱ እሱን በቦታቸው ያስቀምጡታል። ያ ድንጋይ በከተማው እንደ ሰው ይከበራል። አንድ ጡረተኛ ከፊቱ ቆሞ ግማሽ ቀን የልጆቹን በደል ሲያጫውተው ዋለና «ከዘመዶቼ ሁሉ የተሻለ አዳማጭ ነው» ብሎ ተሰናብቶት ሄደ።

የሰልፉ ሕግ ቀላል ነው። ስትመጣ «የመጨረሻው ማነው?» ትላለህ። አንድ ሰው እጁን ያነሣል። እሱ አንተን ያያል፣ አንተም እሱን ታያለህ፤ ከዚያ በኋላ የምትመጣዋ ደግሞ አንተን ታያለች። ከፊትህ ያለውና ከኋላህ ያለችው ምስክሮችህ ናቸው። ድንገት ከመሃል የበቀለ ሰው ከተገኘ እትዬ ቋሚ አንዲት ጥያቄ ይጠይቁታል፦ «ከማን ኋላ ነህ?» ሰው ካሳየ ይቆማል። ካላሳየ ወደ ጭራው ይወርዳል። ሕገ መንግሥቱ ይኸው ነው። አልተጻፈም፤ ስላልተጻፈም እስካሁን ማንም ሊያሻሽለው አልቻለም።

አሁን የምነግራችሁ ግን እትዬ ቋሚ ለመጀመሪያ ጊዜ ለራሳቸው ስለቆሙበት ሰልፍ ነው።

ከእናታቸው የወረሷት አንዲት ክፍል አለቻቸው፣ በሯ ሰማያዊ፣ ጣሪያዋ በዝናብ ጊዜ የሚዘፍን። ማዘጋጃ ቤቱ ታዲያ አዋጅ አስነገረ። እስከ ዓርብ የሥራ ሰዓት ማብቂያ ድረስ የቤት ካርታ ያላወጣ ሰው ቤቱ የመንግሥት ይሆናል። የመንግሥት የሆነው ደግሞ የማን እንደሚሆን ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ከጎናቸው ፎቅ የሚያስገነባው ባለሀብት ከወዲሁ በአካባቢው እየተዘዋወረ ግድግዳ በእርምጃው ሲለካ ታይቷል። እትዬ ቋሚ ለሰው ካርታ ሲቆሙ ኖረው የራሳቸውን «ይደርሳል» እያሉ አቆይተውት ነበር። የሰው ሠርግ ሲያጅብ የራሱን ሙሽራ የረሳ ሚዜ ማለት እሳቸው ናቸው። ደንግጠው ተነሡ፣ ድንጋያቸውን በነጠላቸው ቋጥረው ሄዱ።

«የመጨረሻው ማነው?»

አንድ ቀጭን መምህር እጁን አነሣ። ከእሳቸው ኋላ ደግሞ አንዲት ልብስ ሰፊ መጣች፤ መርፌዎቿን ደረቷ ላይ እንደ ኒሻን ሰክታለች። ሰልፉ ይንቀሳቀሳል ማለት ይከብዳል። ከፊት ሰው ሳይቀንስ ከውስጥ ግን ካርታውን እንደ ማራገቢያ እያውለበለበ የሚወጣው ብዙ ነው።

«እማማ» አለ መምህሩ፣ «ቅር አይበልዎትና፣ እርስዎም እኮ ተራ ሸጠው ነው የሚኖሩት። በጓሮ በር ተራ ከሚሸጡት ከነዚህ በምን ይለያሉ?»

ልብስ ሰፊዋ መምህሩን በዓይኗ ገሠጸችው። እትዬ ቋሚ ግን ከት ብለው ሳቁ።

«ጥሩ ጠየቅክ የኔ ልጅ! እኔ የምሸጠው የራሴን እግር ነው። እነሱ የሚሸጡት ያንተን እግር ነው። ቆመህ ያበጠውን!»

መምህሩ እግሩን አየ። እውነትም አብጧል።

ሰልፍ ያለ ወሬ አይገፋምና እትዬ ቋሚ የሰልፍን ታሪክ ማውራት ጀመሩ። የአገሪቱን ታሪክ በመንግሥታቱ ስም አያውቁትም፣ በሰልፉ ነው የሚያውቁት።

«በንጉሡ ጊዜ ሰልፉ አጭር ነበር» አሉ። «የሚፈርመው አንድ ሰው ነው፤ እሱም አይገኝም። እጅ መንሻ ይዘህ ትመጣለህ፤ ዶሮ ያለው ዶሮ፣ በግ ያለው በግ። በጉ ከሰዉ ቀድሞ ይገባል። በግን ከማን ኋላ ነህ የሚለው የለም! እኔ ልጅ ነኝ፣ ለእናቴ ተራ ይዣለሁ። የአንድ ትልቅ ሰው አሽከር ገፍትሮኝ አለፈ። ከማን ኋላ ነህ? አልኩት። ከጌታዬ ኋላ! አለና በጥፊ አጮለኝ። ይኸው ይሄኛው ጆሮዬ እስከ ዛሬ ጥሪ ይሰማል፣ ስልክ ሰፈራችን ከመግባቱ በፊት ጀምሮ!»

«ከዚያስ?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ከዚያማ ወታደሮቹ መጡ። ሁሉም እኩል ነው ተባለ። እልል አልን። እኩል ስንሆን ጊዜ ሰልፉ እስከ ድልድዩ ደረሰ። ሰልፍ ውስጥ ተዋውቀው፣ ሰልፍ ውስጥ ተጋብተው፣ የልጃቸውን የልደት ምስክር ወረቀት እዚያው ሳይበታተኑ የወሰዱ አውቃለሁ። ጉቦ የበላ ይረሸናል የሚል ጽሑፍም በር ላይ ተለጠፈ።»

«ታዲያ ጉቦ ቀረ?»

«ተወደደ! የሚበላው ሰው ነፍሱን አስይዞ ነዋ የሚበላው። ለነፍሱም ጨምርልኝ ይልሃል። ደግሞ ማን እንደበላ አይታወቅም። የበላውም አጣሪው፣ አጣሪውም የበላው ነው። የአንድ መኮንን ሾፌር ሰልፉን ጥሶ ሲገባ፣ አፌ አላረፈም፣ ከማን ኋላ ነህ? አልኩት። ከዚህ ኋላ! አለና ሽጉጡን መታ መታ አደረገ። እኔም እስር ቤት ገባሁ። ስገባ መጀመሪያ ያልኩት ምን ይመስልሃል?»

«የመጨረሻው ማነው?» አሉ መምህሩና ልብስ ሰፊዋ እኩል።

«ለሽንት ቤት ሰልፍ ነበረ! ክረምቱ አልፎ ስፈታ በቀጥታ ወደዚህ መጣሁ። ምን አገኘሁ መሰላችሁ? ድንጋዬን። ሰልፈኛው በየቀኑ በእግሩ እየገፋ፣ ተራዬን እየጠበቀ አስጠግቶልኝ መስኮቱ ሥር ደርሷል። መስኮቱ ጋ ስቀርብ አለቀስኩ። በጥፊው ያላለቀስኩት ሴትዮ።»

ከዚያ ጃንጥላቸውን ወደ ግድግዳው ቀሰሩ። እዚያ ቁጥር የሚሰጥ ማሽን ተሰቅሏል። ይሄ ከወታደሮቹ በኋላ የመጣው የምርጫ ዘመን ስጦታ ነው። ስትነካው ቁጥር ይተፋል፣ ተራህ ሲደርስ በወፍ ድምፅ ዘምሮ ይጠራሃል። የመጀመሪያው ሳምንት ገነት ነበር። በሁለተኛው ሳምንት የዘበኛው የኮት ኪስ ማበጥ ጀመረ፤ የማለዳዎቹ ቁጥሮች ከማሽኑ ሆድ ወጥተው ኪሱ ውስጥ ይፈለፈላሉ። ዘበኛው ለተቆጣጣሪው፣ ተቆጣጣሪው ለክፍሉ፣ ክፍሉ ለመምሪያው ያካፍላል። ድሮ የሚበላው አንድ አፍ ነበር። አሁን ለአፍም ምክር ቤት ተቋቁሞለታል፤ በድምፅ ብልጫ ይበላል።

«ስለዚህ ሁሉም አንድ ነው» አለ መምህሩ ተስፋ በቆረጠ ድምፅ። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም።»

«ውሸት!» እትዬ ቋሚ ጃንጥላቸውን መሬት ላይ መቱት። «ይህን ተረት የተረተው ሰው ወጥ ሠርቶ አያውቅም። ክዳኑ የተዘጋ ድስትና ክዳኑ የተከፈተ ድስት አንድ ነው እንዴ? ንጉሡ ክዳኑን ያዘ። ወታደሮቹ ክዳኑ ላይ ተቀመጡበት። አሁን ይኸው ክፍት ነው፤ ማን ቅልጥሙን እንዳወጣ አንተም አይተሃል፣ እኔም አይቻለሁ። ክፍት መሆኑ ብቻውን ሌባ አያቆምም፤ ልክ ነህ። ያየ ሰው ዝም ካለማ፣ ክፍት ድስት ለሌባ ይመቸዋል እንጂ!»

«ቢጠይቁም እኮ አይሰሙዎትም።»

«ያን ጊዜ ጠየቅኩ፣ በጥፊ ተመታሁ። ቀጥሎ ጠየቅኩ፣ ታሰርኩ። አሁን የሚደርስብኝ አለመሰማት ብቻ ከሆነ፣ ጮክ ማለት ነዋ!»

ይህን እያሉ ዓርብ ደረሰ። ከረፋዱ ላይ ከእትዬ ቋሚ ፊት የቀሩት ጥቂት ሰዎችና መምህሩ ነበሩ። በዚህ ፍጥነት ቢሆን መስኮቱ ጋ የሚደርሱት በሚቀጥለው መንግሥት ነው። በዚያ መሃል የጎን በር ተከፈተና የመምሪያው ኃላፊ ብቅ አለ። ሱፍ ለብሷል፤ ሽቶው ከእሱ ቀድሞ ደረሰ።

አሁን አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። ይህ ኃላፊ የእትዬ ቋሚ የእህት ልጅ ነው። እናቱ ስታርፍ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። የትምህርት ቤት ምዝገባውን ሰልፍ የቆሙት፣ የክትባቱን ሰልፍ የቆሙት፣ ጡጦውን ሰልፍ ላይ ያጠቡት እሳቸው ናቸው።

«አክስቴ!» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ምነው እዚህ ትቆሚያለሽ? ሰው ምን ይለኛል? ነይ በኋላ በር፤ ሻይሽን ሳትጨርሺ ካርታሽን ይዘሽ ትወጫለሽ።»

ሰልፉ ሁሉ ጆሮ ሆነ። መምህሩ እንኳ ክርናቸውን ነካ አደረጋቸው። «ይግቡ እማማ! ቤትዎ እኮ ነው! ማንም አይፈርድብዎትም።»

እትዬ ቋሚ ሰማያዊዋ በራቸው በዓይናቸው መጣችባቸው። የጣሪያው ዘፈን በጆሯቸው መጣ፣ ከዚያች የድሮ ጥፊ ጥሪ ጋር።

«አልገባም» አሉ።

«አክስቴ፣ በናትሽ። ሰዓቱ ካለፈ እኔም ላድንሽ አልችልም። ያፈርሱታል።»

«ያፍርሱት! በዚያ በር ከገባሁ ቤቴ ይተርፍ ይሆናል። ነገ ግን እዚህ ቆሜ ማንን ከማን ኋላ ነህ ልለው ነው? ቤት ሳይኖረኝ እጮሃለሁ። አፌን ሸጬበት ግን ቤት ውስጥ ምን ልሠራ ነው፣ ላዛጋ?»

ኃላፊው በሩን ላዩ ላይ ዘግቶ ገባ። በዚያው ቅጽበት ወፏ ዘመረች፣ ቁጥር ጠራች። ቁጥሩን ይዞ የቀረበው ጠዋት ሰልፉ ላይ ማንም ያላየው የሲሚንቶ ነጋዴ ነው። ሆዱ ከዘበኛው ክፍል ቀድሞ ወጣ፤ እሱ ትንሽ ቆይቶ ተከተለው።

እትዬ ቋሚ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ወንድሜ፣ ከማን ኋላ ነህ?»

«ምን?»

«ከማን ኋላ ነህ?»

«እኔ ከማንም ኋላ አይደለሁም፣ እማማ!» ነጋዴው ሳቀ።

ያኔ ልብስ ሰፊዋ ከኋላ «ከማን ኋላ ነህ?» አለች። መምህሩ፣ ፈራ ተባ እያለ፣ ደገመው። ከዚያ ከልብስ ሰፊዋ ኋላ ያለው፣ ከእሱም ኋላ ያለው እየተቀባበለ ጥያቄው ሰልፉን ይዞ ወረደ። ከግቢው ወጣ፣ ታክሲ ተራ ደረሰ። እዚያ ያሉት ደግሞ ምን እንደሆነ ሳያውቁ ተሳፋሪውን «ከማን ኋላ ነህ?» እያሉ መጠየቅ ጀመሩ። በዚያ ቀን በከተማው ሁለት እጮኛሞች በዚሁ ጥያቄ ተጣልተዋል ይባላል። ማንም አልተሳደበም። ማንም ድንጋይ አላነሣም። ሁሉም በትህትና ብቻ ነበር የጠየቀው፣ ግን ሁሉም።

ነጋዴው ዞር ዞር አለ። ላቡ መጣ። በመጨረሻ ጣቱን ቀሰረ።

«ከ… ከእሱ ኋላ ነኝ!» ዘበኛውን ነው ያሳየው።

ዘበኛው ክው አለ። «እኔ? እኔ አላውቀውም ሰውዬውን! በእግዜር ስም፣ አይቼውም አላውቅ!» ሲምል እጁን ሲያወናጭፍ ጊዜ ኪሱ ተገለበጠና የማለዳዎቹ ቁጥሮች እንደ በረዶ ዘነቡ።

የሰልፈኛው ሳቅ ገና ሳያባራ የመስኮቷ ሠራተኛ ደነገጠች። በዚያ መስኮት ያረጀች፣ መነጽሯን በክር ያንጠለጠለች ሴት ናት። «ምሳ ሰዓት ነው» ብላ ተንሸራታቹን መስታወት መዝጋት ጀመረች። ምሳ ሲሉ መመለሻው ሰኞ እንደሆነ ሰልፈኛው ያውቃል። እትዬ ቋሚ በዚያ ዕድሜያቸው እንደ ጥንቸል ዘለው ሰማያዊውን ድንጋይ መስታወቱ የሚሄድበት ቦይ ውስጥ ሸጎጡት። መስታወቱ ቀጥ አለ። ዘበኛው ሳበ፣ ገፋ፣ ተንጠለጠለበት። ድንጋዩ የተሸረፈው ጥጉ ለዚያ ቦይ ተለክቶ የተሠራ ይመስል ነክሶ ያዘ።

ኃላፊው ጫጫታውን ሰምቶ እየሮጠ መጣ።

«አክስቴ! ምን እያደረግሽ ነው? ሰው ፊት አዋረድሽኝ!»

እትዬ ቋሚ ቀና ብለው አዩት። ድምፃቸው አልጮኸም፤ ልጅን ከእንቅልፉ እንደሚቀሰቅስ ሰው ነበር።

«የእህቴ ልጅ፣ አንተስ? እዚያ ወንበር ላይ ስትቀመጥ ከማን ኋላ ነበርክ?»

ወፏ እንኳ ልትዘምር ጀምራ ተወችው። ኃላፊው አፉን ከፈተ፣ ከረባቱን ነካ፣ ጣሪያውን አየ። ያ ወንበር በፓርቲው ስብሰባ ላይ በጭብጨባ የተሰጠው መሆኑን የማያውቅ የለም። ከፊቱ ግን ማን እንደነበረ የጠየቀ አልነበረም።

ያኔ ከመስታወቱ ኋላ አንድ እጅ ቀስ ብሎ ተነሣ፤ ልክ ሰልፍ ላይ «የመጨረሻው ማነው?» ሲባል እንደሚነሣው።

«እኔ ነበርኩ» አለች የመስኮቷ ሠራተኛ። «ከፊቱ እኔ ነበርኩ።»

መነጽሯን አፍንጫዋ ላይ አደረገች። እጇን ወደ ግድግዳው ዘርግታ የማሽኑን ሶኬት ነቀለች፤ ወፏ ሲጥ ብላ ሞተች። ከዚያ በሦስት መንግሥት ተሰምቶ የማይታወቅ ነገር ተናገረች።

«ምሳ አልበላም። ቀጥሎ!»

ሲሚንቶው ወደ ጭራው ወረደ። ሲወርድ ለእያንዳንዱ ሰው ይቅርታ እየጠየቀ ነበር፤ ሆዱ ሳይቀር ያነሰ መሰለ። ሰልፉ መራመድ ጀመረ። የቆመ እግር ለመራመድ ስላልለመደ አንዳንዱ ተደናቅፏል። የሥራ ሰዓቱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው መስኮቱ ጋ የደረሰው መምህሩ ነበር። ሰዓቱን አየ፣ እትዬ ቋሚን አየ፣ ከቦታው ፈቀቅ አለ።

«እማማ፣ እርስዎ ይቅደሙ።»

«ቁም ቦታህ ላይ!» ብለው ተቆጡት። መምህሩ ቆመ።

የሁለቱም ካርታ ተዘጋጀ። የቀረው የኃላፊው ፊርማ ብቻ ነበርና ወረቀቶቹ ወደ ውስጥ ገቡ። ወዲያው አንዱ ተፈርሞ ወጣ። የእትዬ ቋሚ ነበር። ልጁ ፈርቶም ይሁን ወዶ፣ የአክስቱን አስቀድሟል።

እትዬ ቋሚ ካርታቸውን በሁለት እጃቸው ያዙት። ሰማያዊዋ በራቸው፣ የምትዘፍነዋ ጣሪያቸው፣ የእናታቸው ግድግዳ እጃቸው ላይ ነው። ወደ ኃላፊው በር ሄዱ፣ ሳያንኳኩ ከፈቱ፣ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ መልሰው አስቀመጡ።

«ጥያቄዬን መመለስ አቅቶህ ነበርና እኔ ላሳይህ» አሉት። «እኔ ከመምህሩ ኋላ ነኝ።»

ልጁ አንገቱን ደፍቶ የመምህሩን ፈረመ፣ አቀበለ። ቀጥሎ የእሳቸውን አነሣና በሁለት እጁ ሰጣቸው፣ ልጅ ሆኖ ውሃ ሲያቀብላቸው ያደርግ እንደነበረው። እሳቸው ግን ካርታቸውን ደረታቸው ውስጥ ከትተው ወደ ቤታቸው አልሄዱም። የልብስ ሰፊዋ ምስክር ናቸውና መስኮቱ ጋ ቆመው ጠበቁ። የመስኮቷ ሠራተኛ ደግሞ «ሰዓቱ የሚያልቀው መስኮቱ ሲዘጋ ነው፤ መስኮቱ ደግሞ አልዘጋ ብሏል» አለች። ከዚህ የተሻለ የሕግ ትርጓሜ በዚያ ግቢ ተሰጥቶ አያውቅም። ሲሚንቶው ሳይቀር ካርታውን አገኘ። ከማን ኋላ እንደሆነ አሁን ያውቃል፤ ከፊቱ የነበረችው ሴትዮ ቀኑን ሙሉ ስለ ወገብ ሕመሟ ስታጫውተው ውላለች።

ድንጋዩ እስካሁን አልወጣም። ሦስት ጊዜ ኮሚቴ ተቋቁሞለታል፤ ሦስቱም አበል ወስደው ተበትነዋል።

የእህታቸው ልጅ ግን በዚያ ቀን ስላሳየው ድክመት በጥብቅ ተገምግሞ ተሾመ፤ ከማዘጋጃ ቤቱ ወደ ሚኒስቴር ተዛወረ። ሰው ሁሉ «ይኸው፣ አላልናችሁም?» ብሎ እጁን አራገፈ። መምህሩም የጉልቻውን ተረት ሊያነሣ አፉን ሲከፍት እትዬ ቋሚ በጃንጥላቸው አስጠነቀቁት።

እሳቸው በቀጣዩ ቅዳሜ አዲስ ድንጋይ መርጠው ከበራቸው በተረፈው ሰማያዊ ቀለም ቀቡ። ሰኞ ማለዳ ሚኒስቴሩ ደጃፍ ተገኙ። የረጅሙ ሕንፃ መስታወት ያብረቀርቃል፤ ከፊቱ ሰልፉ እንደ ጅራት ተዘርግቷል። እትዬ ቋሚ ጃንጥላቸውን ተከሉ፣ ድንጋያቸውን እግራቸው ሥር አኖሩ፣ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«የመጨረሻው ማነው?»